ሦስት ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ሰከንድ

የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ አንዴ የገባበት አፍንጫ አይረሳውም። የተቃጠለ ፀጉርና የጋለ ብረት አንድ ላይ ቢሸቱ እንደዚያ ይመስለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከእንጦጦ ወደ ኮተቤ ስንወርድ የሚነዳው ወንድሜ ነበር። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እኔና ሴት ልጁ ከኋላ ነን። ቁልቁለቱን እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ ሲወርድ ቆይቶ አጋማሹ ላይ ስንደርስ ያ ሽታ በመስኮት ገባ። ሚስቱ አፍንጫዋን ይዛ «የማን መኪና ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች።

«ከፊት ያለው ነው» አላት ወንድሜ።

ከፊታችን መኪና አልነበረም።

አባታችን ቢኖር ኖሮ «ማርሽ ያዝ! ፍሬን ለማቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም» ይለው ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ የወንድሜ ልጅ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የመኪና እሽቅድምድም ማየት የጀመረችው በቅርቡ ነው። «አክስቴ፣ ሲሪየስሊ ንገሪኝ፣ የድሮዎቹ ናቸው የአሁኖቹ ጎበዝ?» አለችኝ።

ጥያቄው በቤታችን አዲስ አይደለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ መልስ ሰጥተንበታል። መልሱን የለካሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንዴት እንደተለካ ብናገር የሚያምርብኝ እኔ ነኝ።

ያኔ ኮተቤ ነበር የምንኖረው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል። እኔ መምህርነት እማር ነበር፤ ትምህርቴ ሒሳብ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንድ ቢሮ ሥራ ጀምሮ በመጀመሪያ ደሞዙ ሞባይል ገዝቷል፤ አሮጌውን ለእኔ ሰጥቶኛል። አባታችን ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ነጭ ቮልስ ነበረችው። ጠዋት ጠዋት ከእኛ በፊት እሷን ነበር የሚጠይቃት፤ ክዳኗን ከፍቶ፣ ዘይቷን አይቶ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ነው ቁርስ የሚቀርበው።

አባቴ በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበር። አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ፣ ሰውዬው ሰይቼንቶ የምትባል ትንሽ መኪናውን አውሶት ከተማ ውስጥ በተደረገ ውድድር ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የአንድ ግሪክ ነጋዴ ልጅ ነው። የዚያን ቀን ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ደረቱ ተነፍቶ ይታያል። የግሪኩ ግማሽ ፊት ግን ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል። አባቴ «ፍሬሙ ጠቦ ነው» ይላል። ፎቶውን ወደ ኋላ ያጠፈው እሱ ራሱ መሆኑን እናቴ ነግራኛለች።

ክርክሩ የሚነሳው እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። ወንድሜ መገናኛ አካባቢ ዲሽ ያለው ቤት ገብቶ ውድድር አይቶ ይመጣል። የእሱን ሰው እኔና እናቴ «ባለ ቀይዋ» እንለው ነበር፣ በመኪናው ቀለም። የአባቴ ሰው «ባለ መነጽሩ» ነው፤ ጣሊያናዊው ትቶለት ከሄደ አሮጌ መጽሔት ላይ በቆዳ ቆብና በትልቅ መነጽር ተነስቷል። ስሞቻቸውን ሁለቱም እየደጋገሙ ይጠሩ ነበር፤ እኔ ግን ይዤው አልቀረሁም።

«ያንተ ሰውዬ የተወዳደረው ከአምስት ሀብታሞች ጋር ነው» ይላል ወንድሜ። «ያኔ መኪና የነበረው ሰው ራሱ ስንት ነበር?»

«ያንተን ሰውዬ ደግሞ ኩርባ መጣ፣ ጎማ ቀይር እያለ በጆሮው ሹክ የሚለው ሃምሳ ሰው አለ። እንደዚያማ ከሆነ እናትህም ትነዳለች።»

«እናትህም ምን?» ትላለች እናቴ ከጓዳ።

«የእኛዎቹ ቀበቶ አልነበራቸውም። ሲሳሳቱ ይሞቱ ነበር። ተሳስቶ የሚሞትና ተሳስቶ ወጥቶ ሻይ የሚጠጣ እኩል ይቆጠራል?»

«የሞተ ሁሉ ጎበዝ ነው ማለት ነዋ?»

እናቴ ሰሃን ለማንሳት ትመጣና ትዘጋዋለች። «ሁለቱም የሰው አገር ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ልቅሶ አይደርሱንም።»

እኔ ወገን አልያዝኩም። ጩኸቱን ግን እወደው ነበር። ወንድሜ ካደገ ወዲህ አባቴና እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእነዚህ በማያውቋቸው ሁለት ሰዎች በኩል ብቻ ነበር።

የአባቴ ዓይን መድከሙን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ካራ ዘመድ ልንጠይቅ አብረን ስንሄድ መንገድ ዳር የቆመ አህያ አየና ክላክስ አደረገ። አህያው ንቅንቅ አላለም። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ አባቴ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ዘወር ብዬ ፊቱን ሳየው ሳቄ ደረቀ። በሳምንቱ እኔው ይዤው ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ረጋ ብላ ነገረችው። «የዓይን ግፊት ነው፣ አባት። የጠፋውን አንመልስልዎትም፤ የቀረውን እንጠብቅልዎታለን። መንዳቱን ግን ቢተዉት ይሻላል።» ሲወጣ እጄን ያዘና «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

አልተናገርኩም። ወንድሜ ግን የዓይን ጠብታውን ከቮልስዋ ኪስ አገኘው። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ የተነገረው ሁሉ የሚደገም አይደለም። ወንድሜ «ቁልፉን ስጠኝ» አለ። አባቴ «ስሞት ትወስዳለህ» አለው። ወንድሜ «ሰው ገጭተህ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስልህ ነው?» ሲለው አባቴ ተነስቶ ወጣና ቮልስዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሞተር አላስነሳም። እስኪመሽ አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ያለ ክርክር አለፈ። ባለ መነጽሩንም ባለ ቀይዋንም የጠራ አልነበረም። በሦስተኛው እሑድ ዝምታው ሲከብደኝ ጊዜ፣ ሒሳብ ተማሪ ነኝ ባይዋ እኔ አፌን ከፈትኩ። «ለነገሩ የሁለት ዘመን ሹፌር ማወዳደር አይቻልም» አልኩ። «ልወቅ ያለ አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል።» ለጨዋታ ያልኩት ነው።

አባቴ ከሰሃኑ ቀና አለ። «መኪናዋ አለች። መንገዱም አለ። ሰዓት አንቺ እጅ ላይ አለ» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ከቀደምከኝ ቁልፉ ያንተ ነው። ከቀደምኩህ ግን ዳግመኛ ስለ ዓይኔ አታነሳብኝም።»

ወንድሜ ለምን እሺ እንዳለ ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው ቁልፉን ከአባቱ ኪስ ከመቀማት አሸንፎ መውሰድ ሳይቀልለው አልቀረም። አንድ ሕግ ብቻ ጨመረ፤ ከመንገድ የወጣ ወይም መኪናዋን የጫረ ተሸናፊ ነው። ይህን ያለው አባቴ እንዳይፈጥን ነው። አባቴም ገብቶታል፤ «አንተው እንዳትጭራት» አለው።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ለእናቴ ጠበል ቦታ እንሄዳለን፣ ለአባዬ ዓይን፣ አልናት። ደስ ብሏት ቢጫ ጀሪካን ሰጠችን፣ ጠበል ይዘን እንድንመጣ። ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ ስምንት ኩርባ አለው። በዚያ ሰዓት ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች እንኳ አልወጡም ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ባሕር ዛፉ ደረት ድረስ ይሸታል። ፀሐይ ከካራ በኩል ብቅ እያለች ነው። እኔን ታች አወረዱኝ። ጀሪካኑን መንገዱ ጠርዝ ላይ አቆምነው፤ የመጨረሻው መስመር እሱ ሆነ።

አንድ ችግር ነበር። እኔ ታች ሆኜ መኪናዋ ከላይ መቼ እንደምትነሳ አላይም። መላውን ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ሚስኮል። ላይ ያለው ሰው መኪናዋ ስትነሳ ወደ እኔ ይደውላል፤ ስልኬ ሲጮህ ሰዓቱን እጫናለሁ። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዘመናዊ ነው። በዚያ ዘመን በሚስኮል የማይሠራ ነገር አልነበረም። ደርሻለሁ፣ በር ክፈቱ፣ ናፍቀሽኛል፣ ሁሉም በሚስኮል ነበር። ውድድር የማይለካበት ምክንያት አልታየኝም። አባቴን የስልኩን አረንጓዴ ቁልፍ በጣቱ እየዳሰሰ እንዲለያት ወንድሜ ሲያለማምደው አየሁ። ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያ ይዘዋት ወጡ።

መጀመሪያ የወረደው ወንድሜ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ሰዓቴን ተጫንኩ። ከታች ሆኜ ከላይ ሁለተኛዋ ኩርባ ብቻ ቁልጭ ብላ ትታየኝ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰከንድ ቆይቶ የቮልስዋ ነጭ ጎን እዚያ ብልጭ ብሎ ተመልሶ ዛፍ ውስጥ ገባ። የሞተሯ ድምፅ እየቀረበ፣ እየራቀ፣ እየቀረበ መጣ። ጀሪካኑን ሲያልፍ አራት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ነበር። ፍሬኗ ሸተተኝ። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ፤ «ምንም አይልም» አለ። ቁጥሩን ሰምቶ ተመልሶ ወጣ።

አሁን የአባቴ ተራ ነው። ላይ ቆሞ የሚደውለው ወንድሜ ነው። ስልኩን በግራ፣ ሰዓቱን በቀኝ እጄ ይዤ ጠበቅሁ። ዝም አለ። አሁንም ዝም። ድንገት ሁለተኛዋ ኩርባ ላይ ነጭ ጎን ብልጭ አለ።

ስልኩ አልጮኸም ነበር። መኪናዋ ዛፍ ውስጥ እየገባች ሳለ ነው እጄ ውስጥ የጮኸው። ሳላስብ ሰዓቱን ተጫንኩ።

እንግዲህ ሒሳብ ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። ለወንድሜ ሰዓቱ ከመነሻው ጀመረ፤ ለአባቴ ግን ከሁለተኛዋ ኩርባ። ሠላሳ ሰከንድ በአየር ላይ ቀልጧል። ይህን እያወቅሁ ቆሜ ጠበቅሁ። የአባቴ አወራረድ ከወንድሜ ይለያል፤ ሞተሯ አታለቅስም፣ በዝቅተኛ ማርሽ ረጋ ብላ ታጉረመርማለች፣ ፍሬን አይሸትም። ከመጨረሻው ኩርባ ሲወጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታችው። መስመሩን ጠብቆ መጣ፣ መጣ፣ ጀሪካኑ ላይ ወጣበት። ጧ አለ። እሱ አልቆመም። ጀሪካኑን ከሥሩ እየጎተተ አለፈኝና «አባዬ! አባዬ ቁም!» ብዬ ስጮህ ነው የቆመው። መስኮቱን አወረደና «ደረስኩ?» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁት። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ይላል።

ወንድሜ በአቋራጭ፣ በዛፉ መሃል እየሮጠ ወረደ። ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ «ስንት?» አለ። ሁለቱም እኔን ያዩኛል። ሰዓቱ ተሳስቷል፣ ይደገም ማለት ነበረብኝ። ከተደገመ አባቴ ይሸነፋል፤ ወይም መስመሩን አላይ ብሎ የባሰ ነገር ይመጣል። ወይ ቁልፉን ይቀማል፣ ወይ ሰው ይገጫል። ይህን ሁሉ አስቤ አልነበረም። የአባቴን ፊት ነበር የማየው፤ ሁለተኛ ወጥቶ የተነሳው ፎቶ ላይ ያለው ፊት ራሱ ነበር።

«ሦስት ከአርባ ዘጠኝ» አልኩ።

ወንድሜ ከቮልስዋ ሥር ያለውን ጀሪካን አየ፤ የመጫሩን ሕግ ግን አላነሳም። ከዚያ ሄዶ አባቴን ግንባሩን ሳመው። «የድሮዎቹ ይበልጣሉ፣ በቃ» አለ።

ጠበሉን ሞልተን ቤት ስንገባ እናቴ የተጨረማመተውን ጀሪካን አገላብጣ አየችው፤ ከሥሩ ይንጠባጠብ ነበር። «ምን ነካው?» አለች። ሦስታችንም ወለሉን አየን። «ጠበሉ ኃይለኛ ነው» አላት አባቴ።

ሰኞ ከትምህርት ስመለስ አባቴ ቮልስዋን አጥቦ ጨርሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጠራኝና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ምነው? አሸንፈህ የለም እንዴ?»

«ያ ጣሊያን ሰዓት አታይ፣ ቁጠር እያለ ነው ያስተማረኝ» አለ። «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ እያልኩ ነው የምወርደው፣ ከያኔ ጀምሮ። ቅዳሜም ቆጥሬያለሁ። ሁለት መቶ ስድሳ ነው የወጣልኝ።»

ሁለት መቶ ስድሳ ማለት አራት ደቂቃ ከሃያ ነው። የእኔው ሠላሳ ሰከንድ ተመልሶ መጣብኝ። አለቀስኩ።

«የምታለቅሺው ለምንድን ነው? ጀሪካኑን እኮ አላየሁትም» አለ። «ልጅ ቢሆንስ? እሷን አንቺ ንጂያት። ቁጭ ብዬ አሳይሻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለወንድምሽ ግን እንዳትነግሪው። ዕድሜ ልኬን ሁለተኛ ነኝ። እቺን አንዷን ተዪልኝ።»

ተውኩለት። መንዳት የተማርኩት ከጎኔ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሯን እየሰማ ነው፤ «አሁን ማርሽ ቀይሪ፣ እያለቀሰች ነው» እያለ። ወንድሜ አባቴ መንዳት የተወው አሸንፎ ስለጨረሰ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። አባቴም እየሰማ ዝም ይል ነበር፤ ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል። ከሰባት ዓመት በኋላ ሞተ። ያኔ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። ቮልስዋ ተሸጠች፤ ፎቶው ወንድሜ ቤት ነው።

«አክስቴ!» አለችኝ የወንድሜ ልጅ መኪናው ውስጥ። «አባዬ ከሁሉም ጎበዙ አያትሽ ነው ይለኛል። እዚህ መንገድ ላይ በሦስት ደቂቃ ከሃያ ወርዷል አለ። እውነት ነው? ሰዓት የያዝሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

ወንድሜ ሲያወራው በየዓመቱ ጥቂት ሰከንድ ይቀንስለታል።

«ሦስት ከአርባ ዘጠኝ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ይህን እንዳልኩ ወንድሜ በመስታወቱ አየኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት ነገር ያን ጊዜ መጣብኝ። ያን ቀን የደወለው እሱ ነው። ስልክ ሲዘገይ፣ ሲቋረጥ፣ ደግሞ ሲደወል፣ መጀመሪያ የሚያውቀው የደወለው ሰው ነው። መኪናዋ ከፊቱ ተነስታ ስትሄድ፣ እሱ ጆሮው ላይ ባዶ መስመር ይዞ ሠላሳ ሰከንድ ቆሟል። ታች ሲደርስ «ስንት?» ብሎ የጠየቀኝ ይህን እያወቀ ነው። ግንባሩን የሳመውም እያወቀ ነው። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ሁለተኛስ ማን ወጣ?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኛ» አለ ወንድሜ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አንስቶ ማርሹን ዝቅ እያደረገ።